እምቢ የሚለው ሽቦ

ጣይባን በቃሬዛ ከተራራው ስናወርዳት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ከሰፈራችን እስከ ቢስቲማ የመኪና መንገድ ያለው ቁልቁለት በዚያ ዘመን የእግር መንገድ ብቻ ስለነበረ እየተፈራረቅን ተሸከምናት። እኔ ከፊት በስተግራ ነበርኩ። አትጮህም። አልፎ አልፎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያ ረቢ» ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ ትከሻችሁ እንዳይቆስል ቀስ በሉ ትለናለች።

መንገዱ ዳር ስንደርስ አንድ አሮጌ መኪና ቆሞ አገኘን። ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር። የጫነውን እህል አውርዶ ቦታ አደላደለላት። ነገር ግን መኪናው አልነሳ አለ። ዝናብ የጠጣ ሜዳ ላይ ነው የቆመው። ብንገፋው ጭቃው እግራችንን ዋጠው እንጂ ጎማው አልተነቃነቀም። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ጥቁር ሣጥን አሳየንና ሌላው ሁሉ ደህና እንደሆነ፣ የሞተችው እሷ ብቻ እንደሆነች ነገረን። ሌላ መኪና እስኪመጣ ቀኑ አለፈ። ጣይባ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ገብታ ነፍሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ከዚያም በኋላ ሌላ ልጅ አልወለደችም።

ሆስፒታል ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር። የማጽናኛ ቃል ሳዘጋጅ እሷ ቀደመችኝ። «ያቺ ጥቁር ሣጥን ውስጧ ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያኔ ስለ መኪና የማውቀው አቧራውን ብቻ ነበር።

ትዳሯ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ጠዋት እቃዋን በአንድ ጨርቅ ቋጥራ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። እዚያ ይስማው የሚባል የባትሪ ሠራተኛ ግቢ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘች። ይስማው ዝምተኛ ሽማግሌ ነበር። ገና ሥራ በጀመረች ሰሞን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። በአፉ አልመለሰላትም። ያለቀለት ባትሪ አንሥቶ ክዳኑን ሰንጥቆ ገነጠለና ውስጡን አሳያት። በአሲድ ውስጥ የተደረደሩ ስስ የእርሳስ ሉሆች ናቸው፤ ሌላ ነገር የለም። «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ሽማግሌው ከሌላ ባትሪ ሁለት ሽቦ ስቦ ጫፍና ጫፉን አነካካው። ብልጭታው ግቢውን አበራው። ጣይባ እንደነገረችኝ፣ መጥረጊያው ከእጇ መውደቁን ያወቀችው ይስማው ጎንበስ ብሎ ሲያነሣላት ነው።

ይስማው ክርስቲያን ቢሆንም እሷ በምትጾምበት በረመዳን ምሳውን ከግቢ ውጭ ወጥቶ ይበላ ነበር። እሷም በእሱ ጾም ቀን ሥጋ ያለበት ሳህን ወደ ግቢው አታስገባም። በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት አብረው ሠሩ። ዓይኑ ሲደክም ግቢውን ለእሷ ተወላት።

መጀመሪያ ላይ ሹፌሮች አላመኗትም። አንዱ ከደጋን የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር በሩ ላይ ቆሞ ባለቤቱን ጥሪልኝ አላት። ባለቤቱ መጥቷል፣ ባትሪህን አውርድ አለችው። ሰውዬው እስኪገባው ድረስ ባትሪው ወርዶ ውሃ ተጨምሮለት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ሱቋ ተዘርፎ አራት ግድግዳ ብቻ ሲቀራትም፣ እነዚያው ሹፌሮች ናቸው ያረጀ ባትሪያቸውን እየተሸከሙ አምጥተው ሥራ ያስጀመሯት።

አሁን ወደ ቅሬያችን መኪና ልምጣ። በእኛ አገር ቅሬ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳ የሚያነሣበት፣ የታመመ የሚያደርስበት፣ የተቸገረ የሚያቆምበት ማኅበር ነው። እኔ የቅሬው ዳኛ ከሆንኩ ቆይቻለሁ። መንገዱ እስከ ሰፈራችን ከተጠረገ በኋላ ቅሬው አዋጥቶ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛ። ከኋላ ያለውን አግዳሚ ነቅለን አልጋ አደረግንበት። የሚነዳው ተውፊቅ ነው፤ እድሜውን ተራራ ላይ መኪና ሲነዳ ያሳለፈ ጎልማሳ ሰው።

ተውፊቅ ሜዳ ላይ መኪና አያቆምም። አሮጌ መኪና በገዛ ኃይሉ መነሣቱን ስለማያምን ሁልጊዜ አፍንጫውን ወደ ቁልቁል አድርጎ ነው የሚያቆመው። እምቢ ካለው ፍሬኑን ይለቅና እያንደረደረ ያስነሣዋል። ሰርግ ሲጠሩት ሙሽሪት የማን ልጅ እንደሆነች ከመጠየቁ በፊት ግቢው ቁልቁለት እንዳለው ይጠይቃል እየተባለ ይቀለድበታል።

ጽናት የምትባል ነርስ በገበያ ቀን በዚህ መኪና እየዞረች እርጉዞችን ታያለች። እሷ ናት ትንሿን ማቀዝቀዣ ያመጣችው። ማቀዝቀዣዋ ከሕፃን አልጋ አትበልጥም፤ ውስጧ ያለው ሴት ስትወልድ የሚፈሳትን ደም የሚያቆም መርፌ ነው። መድኃኒቱ ከሞቀ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ በሚውልበት ቀን ሁሉ ማቀዝቀዣዋ ከመኪናው ባትሪ ስትበላ ትውላለች።

ከዚያ በኋላ ነው ችግሩ የመጣው። መኪናው ማታ ማታ አልነሳ ማለት ጀመረ። ተውፊቅ በቁልቁለቱ ሲያመልጥ ቆየ። በአንድ የገበያ ቀን ግን ቁልቁለት የሌለበት ቦታ ቆሞ ውሎ ፈጽሞ አልነቃ አለ፤ ጽናትም መድኃኒቱን ታቅፋ በእግሯ ተመለሰች። ተውፊቅ አዝኖ መላ ያለውን አደረገ። ሌላ ባትሪ ገዝቶ ከነባሩ ጎን አስቀመጠና ሁለቱን በወፍራም ሽቦ አገናኛቸው። አንዱ ቢደክም ሌላው ይደግፈዋል ብሎ ነው። በሳምንቱ ሁለቱም ሞቱ።

ቅሬው ተሰበሰበ። ሞላልኝ፣ ከእኔ በእድሜ የማያንስ፣ ነገር የማያጣምም ሰው፣ ማቀዝቀዣዋ ከመኪናው ትውረድ አለ። መኪናው ካልተነሣ መድኃኒቱ ምን ይሠራል ሲል ጠየቀ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጽናት ተነሣች።

«መድኃኒቱ ከሌለስ መኪናው ማንን ይዞ ይሄዳል?» አለች። «ሬሳ ነው?»

ሁላችንም የምናስበው ስለ አንዲት ሴት ነበር። የጣይባ ወንድም ልጅ ኢስራ ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋም ቀርቧል። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደሟ ፈሶ ከሞት አፋፍ የተመለሰችው በዚያ መርፌ ነው። ነገሩ እንዳይደገም የሚፈራው አባቷ በጉባኤው መካከል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሞላልኝም ትክክል ነው፤ ጽናትም ትክክል ናት። እኔም ውሳኔው ይቆይ፣ መኪናው መጀመሪያ ጣይባ ዘንድ ይሂድ አልኩ።

በማግሥቱ ሁለቱን የሞቱ ባትሪዎች ከኋላ ጭነን ከተውፊቅ ጋር ኮምቦልቻ ወረድን። መኪናው በተዋስነው ባትሪ ነው የተነሣው። ጣይባ ሰላምታችንን ተቀብላ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቀች። ከዚያ ኮፈኑን ከፍታ የተውፊቅን ሽቦ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እትዬ ጣይባ፣ አንዱ ቢደክም ሌላው እንዲረዳው ብዬ ነው» አላት።

«ረድቶታል እኮ» አለችው። «ተረዳድተው ሞቱ። ባትሪ እንደ እኛ ቅሬ አይገባም ተውፊቅ። ደካማው ብርቱውን ይጠጣዋል፤ ሁለቱም እኩል ባዶ እስኪሆኑ ድረስ አይተወውም።»

ከዚያ ማቀዝቀዣዋን አስነሥታ በመለኪያዋ የምትበላውን ለካች። እንደገና ለካች። ቅንድቧ ተሰበሰበ። ይቺ ትንሽ ነገር ብቻዋን ቀን ውላ አንድ ደህና ባትሪ አትጨርስም አለች። ሌላ የሚበላ አለ። ተውፊቅን ቀና ብላ አየችው። ተውፊቅ መሬት መሬት ያያል።

ሄዳ የመኪናውን የፊት ኪስ ከፈተችው። በውስጡ የቻርጀር ሽቦ እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ተከማችቷል። መካከሉ ላይ ስልኮች አሉ፤ አንዳንዱ በክር የታሰረ፣ አንዳንዱ በላስቲክ የተጠቀለለ።

«የማን ነው?» አለች።

«የሰው» አለ።

«የየትኛው ሰው?»

«የሁሉም።»

በእኛ ተራራ መብራት የለም። መኪናው በደረሰበት ሁሉ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል። ተውፊቅ እየተንተባተበ ያስረዳ ጀመር። አባቱን የሚያህል ሰው ቀርቦ ልጄ ይቺን ትንሽ አስነካልኝ ሲለው፣ ልጇ ሳዑዲ ያለች እናት ድምጿን እንድሰማ ነው ስትለው፣ በምን አፉ እምቢ ይበል? ቡና የሚለምን ቢሆን ኖሮ የለኝም ማለት ይቻላል፤ ባትሪው ግን እዚያው አለ፣ ያዩታል። ከስልኮቹ አንዷን አወቅኋት። የሞላልኝ ናት።

ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ተውፊቅን ተቆጥቶ ከእንግዲህ ስልክ እንዳትሰካ ይለው ነበር። ተውፊቅም እሺ ብሎ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን የመጀመሪያዋ አሮጊት ስትመጣ ይሰካላት ነበር። ጣይባ አልተቆጣችም። በተገለበጠ የባትሪ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ብዙ አሰበች። እኔ በሕይወቴ ብዙ የሚያስብ ሰው አይቻለሁ፤ ሽማግሌም ዓሊምም ቄስም አይቻለሁ። እንዲያ ሽቦ እያዩ ስለ ሰው ጠባይ ማሰብ ግን አላየሁም ነበር።

ከዚያ ተነሥታ ሥራ ጀመረች። ከሞተሩ ማዶ በቀኝ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ ስንዝር ለካች። ጎረቤቷ ያለው በያጅ ከማዕዘን ብረት ሣጥን መሰል መቀመጫ ሠራላት። ተራራ ላይ ሲንገጫገጭ እንዳይሰበር ብላ ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አነጠፈችለት። ከሱቋ አንድ አዲስ ባትሪ አምጥታ እዚያ አስቀምጣ በብረት ማነቆ አሰረችው። በእጇ ይዛ ነቀነቀችው። መኪናው ሁሉ ሲነቃነቅ ባትሪው ብቻውን አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ነው ወደ ሽቦው የሄደችው።

ሥራውን እኔ በገባኝ መጠን ልጻፈው። ነባሩ ባትሪ በአዲስ ተተካ፤ ሥራውም ሞተር ማስነሣት ብቻ ሆነ። ማዶ ያለው ሁለተኛው ባትሪ ማቀዝቀዣዋንና የኋላውን መብራት ይመግባል። በመካከላቸው ሪሌ የሚሏትን የክብሪት ሣጥን የምታህል ነገር አስገባች። ሞተሩ ሲሠራ ሪሌዋ ሁለቱን ታገናኛለች፤ ሁለቱም ከዲናሞው ይሞላሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ትለያቸዋለች። ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣዋ የፈለገችውን ብትበላ የሞተሩን ድርሻ መንካት አትችልም። ሽቦው የሆነ ቦታ ተፍቆ ቢነካካ እሳት እንዳይነሣ በሁለቱም ባትሪዎች አፍ ላይ ፊውዝ አደረገች። ሽቦዎቹ ብረት በሚያልፉበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳውን በጎማ አለበሰች። አንዷን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰችና ልቧ ስላልረጋ ፈትታ እንደገና ሠራችው።

በመጨረሻ ወደ ስልኮቹ መጣች። ተውፊቅ መሰኪያውን ትነቅለዋለች ብሎ ፊቱ ጠቁሯል። አልነቀለችውም። እንዲያውም ስድስት ሰባት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሌላ ሰፊ መሰኪያ ገጠመችለት። ነገር ግን መስመሩን ከሁለቱም ባትሪዎች ለይታ፣ ሞተሩ ሲሽከረከር ብቻ እንዲሠራ አደረገችው። መኪናው ሲቆም መሰኪያው ይሞታል።

«አሁን ቆመህ ሳለ ስልክ ካመጡልህ ተቀበልና ሰካላቸው» አለችው። «አይሠራም። እምቢ የሚለው ሽቦው ነው፤ አንተ አይደለህም። ስትነዳ ይሞላላቸዋል። ከማንም ጋር አትጣላም።»

ተውፊቅ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ለካ ያ ሁሉ ዓመት የከበደው መኪናው አልነበረም።

ጣይባ ሥራዋን ሳትፈትን አትለቅም። መኪናውን ሱቋ ፊት ለፊት ካለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ አስቆመችውና ማቀዝቀዣዋን አስነሥታ እንዲያድር አደረገች። ተውፊቅ ቁልቁለት ፍለጋ ዙሪያውን እያየ ተቁነጠነጠ። ፈርዶበት ተቀመጠ። ጠዋት ማቀዝቀዣዋ እንደቀዘቀዘች ነበረች። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። የተሰበሰቡት ሹፌሮች እጅ ለእጅ ተመታቱ። እኔ ግን ሞተሩን ሳይሆን ያቺን ሣጥን ነበር የማየው። አትንቀሳቀስ፣ አትጮህ፣ ጭስ የላት። አሥር ጎልማሳ ጭቃ ውስጥ ገፍቶ ያቃተውን እሷ በዝምታዋ ታደርገዋለች። ሱብሐነላህ አልኩ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ የስልኩ ነገር ሰውን ትንሽ አደናገረው። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። ስልካቸውን ለተውፊቅ ይሰጡና መኪናው ዞሮ ሲመለስ ይቀበላሉ። አንዲት እናት ስልኬ ደሴን አይታ መጣች፣ እኔ እስካሁን አላየሁም ብላ ሁሉንም አሳቀች። ሞላልኝም ማቀዝቀዣዋ ትውረድ ያለውን ነገር ራሱ አነሣና ተዉት አለ።

ኢስራ የወለደችው በክረምቱ መካከል ነው። ጣይባ ከቀናት በፊት ከኮምቦልቻ መጥታ ወንድሟ ቤት ነበረች። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ የቁልቁለቱ መንገድ ስላዳለጠ ተውፊቅ መኪናውን ከሸለቆው ሜዳ ላይ ማቆም ግድ ሆነበት። ከንጋት ጀምሮ ማቀዝቀዣዋ እየሠራች እዚያ ዋለ። እኩለ ቀን ሲያልፍ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ደሙም ወዲያው ተከተለ።

ጽናት መርፌውን ስታወጣ ብልቃጡ ላይ ጤዛ ነበረበት። እሱን አይቼ ነው ተስፋ ያደረግሁት። ወጋቻት። ደሙ ቀነሰ፣ ነገር ግን አልቆመም፤ ወደ ደሴ ሆስፒታል መድረስ አለባት አለች። ወንዶቹ ኢስራን በቃሬዛ አድርገው ወደ ሸለቆው ወረዱ። ጣይባ አንድ እጇን ይዛ አብራ ትሮጣለች። መኪናው ውስጥ ያለው አልጋ ላይ አስተኟት፤ ጣይባም እጇን ሳትለቅ አብራት ገባች።

መኪናው በጭቃ ተከቧል። ማንም ሳያዘን ሁላችንም ወደ ኋላው ሄድን። ሽማግሌው ጋቢውን አሸርጦ፣ ጎልማሳው ጫማውን አውልቆ፣ ሞላልኝም ከጎኔ ሆኖ፣ ለመግፋት እጃችንን ዘረጋን። እጃችን ብረቱን ከመንካቱ በፊት ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ራሱን ከጭቃው አውጥቶ ሄደ፤ እኛ እጃችንን እንደዘረጋን ቀረን። ለጥቂት ጊዜ ማንም እጁን አላወረደም። ከዚያ ያ የተዘረጋ እጅ ሁሉ መዳፉን ወደ ሰማይ አዞረ። ሙስሊሙ አሚን አለ፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ፤ ሸለቆው በአንድ ድምፅ ተሞላ። ብዙ ዱአ ላይ ተቀምጫለሁ። እንዲያ ያለ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ መሪ ሳይኖረው የተደረገ ዱአ አላየሁም።

ኢስራ ዳነች። ልጅቷም ደህና ናት፤ አሁን ድክ ድክ ትላለች።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሳስብ ጣይባን ሱቋ ሄጄ ጠየቅኋት። በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራሽ ከሁሉ የሚበልጥብሽ የትኛው ነው አልኳት። እጇ ላይ ያለውን ጥቁር እድፍ በጨርቅ እየጠረገች ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለችኝ።

«ያን ቀን የነበሩት ሁሉ ስለ ሞተሩ ነው የሚያወሩኝ። በአንድ ቁልፍ ተነሣ፣ ማሻአላህ ይሉኛል። ወላሂ ዳኛ፣ እኔ ሲነሣ አልሰማሁትም። ኢስራ እጄን ይዛ ዓይኗ ሊከደን ይል ነበር። እንዳትተኛብኝ ብዬ አባቷ በልጅነቱ የሰው ሸንኮራ ሊሰርቅ ገብቶ ውሻ አባሮት ዛፍ ላይ የዋለበትን እየነገርኳት ነበር። ሳቀች እኮ፣ በዚያ ሁኔታ ሆና። ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ነው መኪና ውስጥ መሆኔን ያወቅኩት። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ነው። መንገዱን በሙሉ እሷን ብቻ ሳስብ ሄድኩ፤ ባትሪውን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም።»